ስለ አክባር ቡግቲ የጻፋችሁት ጎደሎ ነው

ለአዘጋጁ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ይዤ ጋዜጣችሁን ሳነብ በፓኪስታን ስላሉት የባሉች ሕዝቦች መሪ ስለ ናዋብ («ናዋብ» ማዕረግ ነው) አክባር ቡግቲ ያወጣችሁት ላይ ደረስኩና ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። «አማፂ» ብላችሁ አለፋችሁት። አቦ፣ ይሄ ልክ አይደለም።

ሰውዬው እኮ የፓኪስታኗ ባሉቺስታን አገረ ገዢ፣ እንደ አውሮፓውያን በ1989 ደግሞ የክልሉ ዋና ሚኒስትር የነበረ ነው። አምፆ ተራራ የወጣው በስተርጅና ነው።

ከመንግሥት ጋር ያጣላው ዋናው ነገር ጋዙ ነው። እንደ አውሮፓውያን በ1952 ሱይ በምትባል ቦታ፣ የቡግቲ ጎሳ መሬት ላይ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኘ። ቧንቧው ወደ ካራቺ ተዘረጋ፤ የባሉቺስታን ዋና ከተማ ኩዌታ ግን እንደ አውሮፓውያን እስከ 1980ዎቹ ጠበቀች፣ እዚያው ጋዙ አጠገብ ያሉ እናቶችም በእንጨት ማብሰላቸውን ቀጠሉ። እናቴ ከሰል ስታራግብ ዓይኗ እንባ ሲያቀር እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ነገሩ ይገባኛል።

ቅዱስ ነበር አልልም። እንደ አውሮፓውያን በ1973፣ በምርጫ የመጣው የክልሉ መንግሥት ሲባረር የአገረ ገዢነቱን ሹመት የተቀበለው እሱ ነው፤ ብዙ ባሉቾች ይሄን አልረሱለትም። እሱንም ጻፉት።

በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ፣ በጦሩ ዘመቻ፣ ኮህሉ ተራሮች ውስጥ ዋሻ ተንዶበት ሞተ። ሳጥኑ ተቆልፎ ነው የተቀበረው፣ ልጆቹ አፈር ሳያለብሱት። ለቅሶ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው እትም አሟልታችሁ አውጡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ