ቪትዟን ከመግዛትሽ በፊት

ደብረ ብርሃን

አንቺ ሴት፣ አለሽ ለካ!

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱም እንዳለ ነው፣ እኛም እንዳለን ነን። ስንት ዓመት ዝም እንደተባባልን ልቆጥር ጀምሬ ተውኩት። አንቺ ሐዋሳ ገባሽ፣ ስልክሽ ተቀየረ። እኔን ደግሞ ሱቁና የእናቴ ሕመም ወጥረው ያዙኝ። ማንም አልተቀየመ፣ ማንም አልደወለ፣ እንዲሁ ቀረ። አባባ ማረፉን ሰምተሻል አሉኝ። እሱን ስንገናኝ አብረን እናለቅሰዋለን፤ በወረቀት አልችለውም።

ብዕር ያስነሳችኝ ታናሽሽ ናት። ገበያ አገኘኋትና "እህቴ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተዛውራ ልትመጣ ነው፤ መኪናም ልትገዛ ነው" አለችኝ። እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየችኝ። ቀይ ቪትዝ። ወገቧ መሬት ልትልስ የደረሰች፣ ቸርኬው ትልቅና የሚያብለጨልጭ፣ ጎማው ስስ፣ ከኋላ ክንፍ የተተከለላት፣ ማርሚታዋ ክንድ የሚያስገባ። "ሞዲፋይድ እኮ ናት!" አለችኝ በኩራት። ፊቷ ላይ ምንም አላልኩም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀብድ ሳትከፍዪ ይድረስሽ ብዬ ነው።

ቪትዝ መጥፎ መኪና ናት አላልኩም። ነዳጅ አትበላም፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ የማያውቃት መካኒክ የለም። እኔም መጀመሪያ የተመኘሁት እሷኑ ነበር። ጠቤ ከዚችኛዋ ጋር ነው። ያቺን መኪና የሆነ ጎረምሳ ለአስፋልትና ለሜዳ ብሎ ነው የሠራት። ሞላዋን፣ ሰውነቷን ከጎማው በላይ የሚሸከመውን ጥቅል ብረት፣ አስቆርጦታል፤ ለዚያ ነው መሬት የቀረበችው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስትንሸራሸሪ ያምርብሽ ይሆናል። ከጣርማበር በመዘዞና በሞላሌ አድርገሽ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄጂ፣ ከዚያም ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትገቢ ግን አንድ የቆመ ድንጋይ ይበቃታል፤ የዘይት መያዣዋን ቀዶ ዘይቱን መንገድ ላይ ያፈሰዋል። ስሱ ጎማ ደግሞ ጉድጓድ ሲመታ ምቱን አይውጥም፣ በቀጥታ ለቸርኬው ያቀብለዋል። ቸርኬው ይጣመማል። እንግዲህ አስቢው፤ ለጌጡ ብር ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ጌጡን አስወልቀሽ እንደ ድሮዋ ለማድረግ ሌላ ብር።

ዋጋውንማ ተይው። አሮጌ መኪና ርካሽ ነው የሚባለው ድሮ ቀረ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከበረ። ኤሌክትሪክ ግዢ የሚሉኝም ነበሩ። እውነቴን ነው፣ ለኛ ቁልቁለት እሱ ይሻል ነበር፤ ሲወርድ ባትሪውን እየሞላ ፍሬኑን ያግዛል። ኪሴ ነው እምቢ ያለው።

ስለዚህ ምን ገዛሁ መሰለሽ? ዲኤክስ! አዎ፣ ያቺ የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ፣ በፈረንጅ 1982 የተሠራች። ሳቂ፣ ግድ የለም። ቤተሰቡም ስቋል። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው 1290 ሲሲ ነው። የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። ጊዜው ደረሰ ተብሎ የሚቀየር የሞተር ቺንጊያ የላትም፣ ውስጧ ካቴና ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። ይኼ ሁሉ ግን ዋናው ምክንያቴ አይደለም። ዋናው፣ ሰፈሬ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቷታል። እኔ ከመኪናው በፊት የመረጥኩት መካኒኩን ነው ብልሽ ይቀላል። እሳቸው "ልጄ፣ ይቺን ካመጣሽልኝ አላሳፍርሽም፤ ሌላ ካመጣሽ ግን እየገመትኩ ነው የምሠራልሽ" አሉኝ። እንዲህ የሚል መካኒክ ካገኘሽ አትልቀቂው።

የግዢውን ነገር ልንገርሽማ። ደላላው ሌት ተቀን ይደውላል። "የሐኪም መኪና ናት፣ ሞተሯ አልተነካም፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሄደችው።" ይኼን ቅዳሴ አንቺም ትሰሚዋለሽ። ሽማግሌው የመከሩኝ አንድ ነገር ነው፦ ሞተሯን ቀዝቅዞ ካላየሽው እንዳታይው፤ አስቀድሞ ከሞቀ ጉዳቱ ይደበቃል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ሄድን። ታኅሣሥ ነው፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሏል፣ ጣቴ አልታጠፍ ብሎኛል። ኮፋኖዋን በመዳፌ ስነካው ሞቅ ይላል! ደላላውን አየሁት። "ፀሐይ መትቷት እኮ ነው" አለኝ። የቱ ፀሐይ? ገና አልወጣችም! ሽማግሌው እየሳቁ "እንግዲያው ነገ ፀሐይዋን ቀድመናት እንመጣለን" አሉት። በማግሥቱ ሳንነግረው ከች አልን። በቀዝቃዛው ስትነሳ ትንሽ አስቸገረች፣ ተነሳችም። ከኋላዋ የወጣው ነጭ እንፋሎት ነበር፣ ወዲያው ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ዘይት ትበላለች ማለት ነው፤ የፒስተኗ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል ወይም ቫልቯ ላይ ያለው ጎማ ደርቋል። ነጩም ቢሆን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አልጠፋም ካለ ውሃ እየጠጣች ነው፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሊወርድ ነው፣ ጥለሽ ሂጂ።

ትንሽ ማግኔትም ያዢ። በጨርቅ ጠቅልለሽ በሩና ጭቃ መከላከያው ላይ አስኬጂው። አልያዝ ካለ ሥሩ ያለው ስቱኮ ነው። የኔዋ ግራ በሯ ላይ አለባት፤ አሳይቼ ከዋጋው አስቀነስኩበት። ወረቀቱን ደግሞ ለማንም አትተዪ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ራስሽ አስተያዪ። ሞተር የተቀየረላቸው መኪኖች ብዙ ናቸው፤ መቀየሩ ችግር የለውም፣ ሊብሬው ላይ አለመስፈሩ ነው ጣጣው። በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ መኪና ከሆነ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ ካልመጣ አትፈርሚ። እግድ ወይም ዕዳ እንደሌለበት ሳታጣሪም ብር አትቁጠሪ።

አሁን ወደ ሥራው። እኔም "ሞዲፋይ" አድርጌያለሁ እኮ! ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

እናቴ ጉልበቷ ብርዱን አልችል ስላለ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጋ ናት። እኔም እመላለሳለሁ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ላይ ናት። መጀመሪያ የወረድኩ ዕለት ዋሻውን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የፍሬኑ ፔዳል ለሰሰ። ስረግጠው ይገባል፣ መኪናዋ ግን የመቆም ሐሳብ የላትም። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ በእጅ ፍሬን እያገዝኩ፣ በስንት "እመብርሃን" ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ ጋ ደረስኩ። የፊት ጎማዎቹ ይጨሳሉ። አንዷ ቆሎ ሻጭ ልጅ ደንግጣ "እታለም፣ ውሃ ላፍስበት?" አለችኝ። ኧረ ተይ አልኳት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስሽ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ተቀምጬ ቆሎዋን እየበላሁ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ።

ሽማግሌው ሲፈቱት ዲስኩን ቆንጥጦ የሚያቆመው ሸራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ከሙቀቱ ብዛት ደርቆ ዲስኩን መንከስ ትቷል። የፍሬኑን ዘይት ቀድተው አሳዩኝ፣ ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል አሉኝ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ ለዚያ ነው ፔዳሉ የለሰሰው። ስለዚህ የመጀመሪያው ብሬ እዚያ ሄደ። የፊት ሸራ ደህናውን ገዛሁ፣ የኋላ ታምቡሮቹ ተጠረጉ፣ የደረቁት የጎማ ቱቦዎች ተቀየሩ፣ ዘይቱ በዶት 4 ተተካ። እሱ አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155 ይችላል። ያም ሆኖ ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ነው የምትወርጂው። ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትወርጂም።

ሁለተኛው የሙቀት ነገር ነው። የድሮው ባለቤት ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን፣ አስወልቆ ጥሎታል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ መኪና ትንሽ ከጋለች "አውልቀው ጣለው" ነው መፍትሔው። ይኼ ነገር ያናድደኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ተርሞስታት የሌለው ሞተር መቼ ይሞቃል? ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ታያለሽ። ማሞቂያውም አይሠራ፤ ጉም ውስጥ ገብተሽ መስታወቱን በነጠላሽ ስትጠርጊ ነው የምትውዪው። ሽማግሌው 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈተውን አስገቡልኝ። የራዲያተሩንም ክዳን ቀየርኩ። ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ትልቅ ነው። እኛ ጋ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላው ለምን አልበስል እያለ ያማርረን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ደህና ክዳን ውሃውን አፍኖ ስለሚይዝ መፍያውን 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ዳገት ላይ ያንተከትክልሻል። ከቧንቧ ውሃም ኩላንት ይሻላል፤ አይዝግም፣ በውርጭም አይረጋም።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ተከራክረናል። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአራት እጅ አንድ እጁን ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ይኼን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ያፈሳል። ካንዴላውን ስታወጪው ጥቀርሻ ለብሷል። አንዱ ወጣት መካኒክ "የቤንዚን ቀዳዳውን በጠባብ እንቀይረው፣ ትበራለች" አለኝ። ሽማግሌው እምቢ አሉ። "ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ሞተሩ ይግላል። ፒስተን ልትበላ ነው?" አሉት። ካርቡሬተሩን አጠቡት፣ የአየር ማጣሪያውን ቀየሩ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ትንሽ አስቀደሙት። አልበረረችም። ዳገቱን ግን ሳታንገራግር ትወጣለች። የቪትዝሽ ሞተር ካርቡሬተር የለውም፣ ቤንዚን የሚረጨው በመርፌ (ኢንጀክሽን) ስለሆነ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፣ እዚህ ላይ ትበልጠኛለች። ኃይሉ ግን የሷም ይቀንሳል፤ ባለ 1 ሊትሯ ከሆነች አምስት ሰው ጭነሽ ዳገት ላይ ቅደሚ ቢሉሽ እንዳትሞክሪው።

ጎማው ስፋቱ 155 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በ165 ባለ 80 (ቁመቱ የስፋቱ 80 በመቶ በሆነው) ቀየርኩት። ትንሽ ከፍ አደረጋት። የኋላ ሞላውና ሾኩ ልክ የራሷ ዓይነት ነው። ሞላ ውስጥ ጎማ ጠቅጥቀው የሚያስረዝሙ አሉ፤ ጠመዝማዛ ላይ እንድትገለበጥ ካልፈለግሽ ይቅርብሽ።

የምኮራበት ግን መብራቱ ነው። የፊት መብራቷ ጧፍ ነበር። አምፖሉ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ኤሌክትሪኩ በዚያ አሮጌ ቀጭን ሽቦ ዞሮ ማብሪያው ጋ ደርሶ እስኪመለስ ይደክማል። ኤሌክትሪሺያኑ ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ በሪሌ (በዋናው ማብሪያ በሚታዘዝ ሌላ ማብሪያ) አገናኘው፣ ፊውዝ አደረገበት፣ በዚያው አምፖል ፏ አለ! ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) ሥር ደግሞ ሁለት ቢጫ መብራት ዝቅ አድርጌ ተከልሁ። ጣርማበር ጉም ሲወርድ ከፍ ያለ ነጭ መብራት ጉሙን ነው የሚያበራልሽ፤ ግድግዳ ይሆንብሻል። ዝቅ ያለው ከጉሙ ሥር ገብቶ የአስፋልቱን ጠርዝ ያሳይሻል። እነዚያን ዓይን የሚያጠፉ ሰማያዊ አምፖሎች የሚገጥሙትንስ ምን ልበላቸው።

ቀለም አልቀባኋትም። የግራ በሯ ስቱኮ እንዳለ ነው። ቴፕ እንኳ የላትም፣ ስልኬን ኩባያ ውስጥ አድርጌ ነው የምሰማው።

እና የቪትዝ ፍቅርሽ ካልለቀቀሽ ማንም ያልነካካትን ፈልጊ። ሞላዋ የራሷ፣ ቸርኬዋ ብረት፣ ቀለሟ የደበዘዘ ቢሆን ይሻለኛል። የተረፈሽን ብር ለፍሬንና ለጎማ አስቀምጪ። መሐል ሜዳ ውስጥ ማን እንደሚሠራልሽም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ እኔም አጠያይቃለሁ። ቪትዟን ለሚሸጥልሽ ሰውዬ "እህቴን ላማክር" በይው። ከቸኮለብሽ ያው ምልክት ነው። ካየሽው ሌላ መኪና ካለ የኮፋኖውን ውስጥ፣ የሥሩንና የሊብሬውን ፎቶ ላኪልኝ፤ ክንፉን አታሳዪኝ። ሽማግሌው ዓይተው ይነግሩሻል፣ ቡና ብቻ ነው የሚያስከፍሉት።

ስልኬ ያው የድሮው ነው፣ አልቀየርኩትም። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ሹራብ ግን ከአሁኑ ግዢላቸው፣ መሐል ሜዳ ነው የምታመጫቸው።

ያንቺው