ለልጄ፦ መስኮቱን ራቂልኝ

ውድ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉንፋኑ ለቆታል፤ ሐረርም ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ገና አልጀመረም።

አክስትሽ እሑድ ደውላ የኮሌጃችሁ ቤተ መጻሕፍት የመጸው ዐውደ ርእይ ዝግጅት ላንቺ እንደተሰጠ ነገረችኝ፤ ደስ ብሎኝ እልል ብያለሁ። ቀጥላ ግን የአያቶችሽን፣ የእምዬን ሙዳይና የአባባን የብራና ዳዊት በደቡብ በኩል ካለው ትልቁ መስኮት ሥር፣ ብርሃን በደንብ በሚያገኝበት ቦታ ልታስቀምጪ ማሰብሽን ስትነግረኝ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ነገር ደጋግሜ ልነግርሽ ነውና ሳትሰለቺ ስሚኝ፦ መስኮቱን ራቂ።

ቦታውን ያየሽው በሐምሌ ነው። በሐምሌ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፣ ሰማዩም ደመና ነው፤ የደቡብ መስኮት የዋህ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከመስከረም ወዲህ ፀሐይ ወደ ደቡብ ትዞራለች፤ በኅዳር ዝቅ ብላ በዚያው መስኮት ትገባና ዕቃዎቹ የሚታዩበት መስታወት ሣጥን ላይ ታርፋለች። ለብራና ሥዕል፣ ለውሃ ቀለምና ለተነከረ ስፌት የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እስኪ አስዪው፦ በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ለ60 ቀን ብታሳዪ የሚጠራቀመው 24,000 የሉክስ ሰዓት ነው። ያን ያህሉን ሙሉ ፀሐይ በሩብ ሰዓት ታደርሰዋለች። ብርሃን የበላው ቀለም ደግሞ ጨለማ ውስጥ ስላሳረፍሽው አይመለስም፤ ዛሬ የደረሰበት በትናንቱ ላይ ይደመራል። አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየውን ጨረር የሚያግድ ፕላስቲክ መስታወቱ ላይ ለጥፈናል ቢሉሽም አትዘናጊ፤ በዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ያደበዝዛል።

ሣጥኑን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ውሰጂው። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፤ ሙቀቱ ውስጡ እንዳይታፈን ከሣጥኑ ውጭ ይተከል። በስልክሽ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኚና ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት በ9 ሰዓት ዕቃው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ለኪ። አፑ ፍጹም ባይሆንም 60ን ከ600 ይለያል። ሰዉ ጨለመብን እንዳይል ደግሞ የመግቢያውን መብራት ቀንሺ፤ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ከዕቃው ኋላ ነጭ ወረቀት አትለጥፊ፤ ነጩ ዓይን ስለሚወጋ ዕቃው ይበልጥ የጠቆረ ይመስላል፤ መካከለኛ ግራጫ ይሻላል። ጓደኞችሽ ፎቶ አያምርም ቢሉሽ አትስሚያቸው።

ዳዊቱን በተመለከተ። ክረምቱ ሲወጣ አየሩ በአንድ ጊዜ ይደርቃል። ብራና ቆዳ ነውና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይነሣል፤ በላዩ ያለው ቀለም ግን አብሮት ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። መስታወት ሣጥን ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ይግላል፣ እርጥበቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለዳዊቱም መስኮቱ ጠላት ነው። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስገቢ፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ጥሩ ነው። ሥዕሉ ያለበትን ገጽ ከመክፈትሽ በፊት የእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበትና ቀለሙ የተነሣበት ቦታ ካለ ያን ገጽ ተዪው፣ ሌላ ምረጪ።

መጽሐፉን እሱ በፈቀደው ልክ ብቻ ክፈቺው፤ 180 ዲግሪ እንዳትዘረጊው፣ ጀርባው ላይ ያለው ስፌት ይበጠሳል። 90 ወይም 100 ዲግሪ ይበቃል። መጀመሪያ በእጅሽ ደግፈሽ ከፍተሽ የሽፋኑን የሁለቱን የእንጨት ገበታዎች ከፍታ ለኪ፤ ከዚያ ከአሲድ ነፃ ከሆነ ካርቶን ሁለቱንም ገበታ ከሥር የሚሸከም መደገፊያ ቁረጪ። የዕቃ መጫኛ ካርቶን አሲድ አለው፣ አይሆንም። ገጹ እንዳይዞር 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግልጽ የፖሊስተር ፕላስቲክ ጥብጣብ ጠቅልዪበት፤ ጫፉን ከመደገፊያው ሥር አያይዢው። ፕላስተርም፣ ስፒልም፣ ክሊፕም ብራናውን አይንካው። በየሁለት ሳምንቱ ገጽ ቀይሪ። ስትይዢው የጨርቅ ጓንት አታድርጊ፤ ጣት የሚሰማውን ያሳጣሻል፤ እጅሽን ታጠቢና በደንብ አድርቂው።

አክስትሽ ሣጥኑ በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል ብላለች። አንድ ሌሊት ዝጊውና ጠዋት ስትከፍቺው አሽትቺ፤ ከሸተተ ዕቃ አይገባበትም። አዲስ ቀለም እስከ አራት ሳምንት ይተነፍሳል። ከሥር የምታነጥፊውን አቡጀዲ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ያለ ሳሙና እጠቢው፣ ስታርቹ ይውጣ።

ሙዳዩ ከመግባቱ በፊት ብል እንዳይኖርበት በሁለት ፕላስቲክ አሽገሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው። ስታወጪው ፕላስቲኩን ለ24 ሰዓት አትክፈቺ፤ ላቡ በሣሩ ላይ ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ ይውረድ። ዳዊቱን ግን ፍሪዘር እንዳታስገቢው!

ያንን ሙዳይ እምዬ የሰፋችው አባባ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። እሱ ቅዳሜ እስኪመጣ ከሐረሪዋ ጎረቤቷ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አክርማና ስንደዶ የሚባለውን የስፌት ሣር እየሰነጠቁና እየነከሩ ይሰፉ ነበር። ጎረቤቷ ስፌቶቿን እንደ ደንባቸው በግድግዳ ላይ ደርድራ ስትሰቅል እምዬም ተከትላ ሙዳዩን ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው። ክዳኑን አንሺና እዪው። ክዳኑ በሚሸፍነው ጠርዝ ላይ ጣት የምታህል ወይን ጠጅ ቀለበት አለች፤ እምዬ የነከረችው ቀለም ያ ነበር። ከዚያች በታች ያለው ሁሉ አሁን የገለባ መልክ ይዟል። የበሩ ብርሃን ያን ካደረገ ያ መስኮት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢ። ለእያንዳንዱ ጥለት ስም ነበራት፤ እየሰፋች ትጠራቸው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚያውቃቸው ጠፋ፣ የጻፋቸውም የለም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ መግለጫው ላይ "የሐረር ስፌት" ብለሽ አትለፊ፤ የእምዬን ሙሉ ስም ጻፊ። የፊደሉ መጠን 24 ነጥብ (ፖይንት) ይሁን፤ ለ እና ሉ፣ ሰ እና ሱ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነውና በደብዛዛ ብርሃን ትንሽ ጽሑፍ አይነበብም።

የእምዬንና የአባባን የሠርግ ፎቶ ዋናውን አታውጪ፤ ስካን አድርገሽ ቅጂውን ስቀዪ። እዚሁ ሐረር ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ያነሣቸው ፎቶዎች ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር እንደነጡበት ለቤተሰቡ ጽፏል። የድሮ ፎቶ ሲታጠብ የቀረበት ጉድለት አይታወቅምና በላዩ ብርሃን አትጨምሪበት።

ስለ መክፈቻው ቀን። ቡናው፣ ዕጣኑና ቄጤማው ከግቢ አይለፉ። የዕጣን ጭስ ሙጫ ነው፣ ወረቀት ላይ ይጣበቃል፤ ቄጤማና አደይ እርጥበትና ነፍሳት ይዘው ይገባሉ። ለወቅቱ ጌጥ ተማሪዎቹ አደይን ሊኖ በሚባለው ለኅትመት በሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ ላይ ቀርጸው ያትሙ፤ ኅትመቱንም በሌላ ክፍል፣ በውሃ ቀለም ያድርጉት። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያጥናል፤ ከዋዜማው ጀምሮ መስኮቶቹን አዘጊ፣ ሣጥኖቹን በአቡጀዲ ሸፍኚ፣ እስከ ማግስቱ አይከፈቱ።

ምሳ ሳትበዪ እንደምትውዪ አውቃለሁ፤ የላክሁልሽን ቆሎ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግን አትብዪ። ሣጥኑን ያዛወርሽበትን ቦታ ነገ ከሰዓት በ9 ሰዓት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ መስኮቱ የት እንዳለ ይታየኝ። የሣጥኑ ቁልፍ ካንቺና ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በቀር ማንም ዘንድ አይሁን። ስትመለሺ ዳዊቱን በማኅደሩ አድርገሽ፣ በአቡጀዲ ጠቅልለሽ እቅፍሽ ላይ ያዢው፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አታስጭኚው።

እናትሽ፣ ከሐረር