ስለ ዘንድሮው ካላንደር ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ።

ካላንደሩ ቅር እንዳሰኛችሁ ሰምቻለሁ። ማስታወቂያችሁ በሚወጣበት ቦታ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙትን የወንጌላውያን ሰባኪ ኦኔሲሞስ ነሲብን አገኛችሁ። በነፃ ስትወስዱት የኖራችሁትንም 60 ብር አልናችሁ። አስቀድመን መንገር ነበረብን፤ ይቅርታ።

ግን «ማተሚያ ቤቱ ጴንጤ ሆነ እንዴ?» መባሉ ከንክኖኛል። ኦርቶዶክስ መሆኔን ታውቃላችሁ። የቄሱ ልጅ የሠርግ ካርድም የሼኩ ልጅ የሠርግ ካርድም የታተመው እዚሁ ነው።

ኦኔሲሞስን የመረጥኳቸው በሙያዬ ነው። ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ሂካ ይባሉ ነበር፤ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ። ስዊድን ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ፣ ያውም በግዕዝ ፊደል። ያን ሁሉ ገጽ እስኪ አስቡት! እኔ በልጅነቴ አባቴ አጠገብ ቆሜ ከእርሳስ ብረት የተሠራ የማተሚያ ፊደል አንድ በአንድ ለቅሜአለሁ። አንዲት «ሰ» ተገልብጣ ከገባች መስመሩን እንደገና ያስለቅመኝ ነበር። ጣቴ ጠቁሮ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1904 እዚህ ነቀምቴ መጥተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። የእኛ ቄሶች ከሰሷቸው፣ አልደብቅም። እንዳይሰብኩም ተከለከሉ። እሳቸው ግን ከተማውን አልለቀቁም፤ በ1931 እዚሁ አረፉ።

የግንቦት ገጽ ላይ ያሉትን «ማን ናቸው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አስቴር ጋኖ ናቸው። ለትርጉሙ ሥራ ቃላት የሰበሰቡት፣ 500 ያህል ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። የመጽሐፍ ቅዱሱ የፊት ገጽ ላይ ግን ስማቸው የለም። አታሚ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ። ስማቸውን ከኦኔሲሞስ እኩል በሆነ ፊደል አተምኩት።

ስለ ዋጋው፦ ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ እናንተም በየሱቃችሁ አይታችሁታል። አሮጌዋ የማተሚያ ማሽናችን ሃይደልበርግም መለዋወጫ ትጠይቃለች። 60 ብር ቢበዛ የወረቀቱን ይሸፍናል። ሠራተኛ ከምቀንስ ይሄን መረጥኩ።

ማስታወቂያ የቀረባችሁ ለ2019 ቦታ እየያዝንላችሁ ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ አብራችሁን ኖራችኋል። ደረሰኝ ለማሳተም ሌላ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት እባካችሁ አንዴ ጎራ በሉ።

ካላንደሩን አልፈልግም ያለ ብሩን መውሰድ ይችላል። እስካሁን የመለሱት ሦስት ናቸው። አንደኛው ግንቦትን ቀዶ አስቀርቶ ነው የመለሰው።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ነቀምቴ