ሰብልዬ፣ በወረቀቱ ብቻ አትመኪ

ሰብልዬ እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁ፣ ይቅርታ፣ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። በሰውዬሽ ላይ ፕሮቴክሽን ኦርደር፣ ማለት እንዳይጠጋሽ የሚከለክል የፍርድ ቤት ወረቀት፣ እንዳወጣሽበት እህትሽ ነገረችኝ። «ከመጣ ፖሊስ ይይዘዋል» ብለሽ ያው ቤት ቁጭ ብለሻል አሉ። አንቺ ግትር፣ ድሮም ማን ከቦታሽ ይነቀንቅሻል! ግን እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ነገርሽ ነው።

እንዴት ልበልሽ... የካስል ሮክን ከተማ ኬዝ ሰምተሻል? በፈረንጆቹ 1999 እዛው ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት እናት እንዳንቺው ኦርደር ነበራት፣ ከጣሰ ፖሊስ ይያዘው የሚል ተጽፎበታል። ባሏ ሦስት ሴት ልጆቿን ከደጅ ወሰዳቸው። ክሷ ላይ እንዳለው ለፖሊስ ደጋግማ ብትደውል እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጠብቂ አሏት፣ ከዛ እስከ እኩለ ሌሊት፣ በኋላ ራሷ ጣቢያ ሄዳ ስታመለክት ቃሏን የተቀበላት ፖሊስ እራቱን ሊበላ ወጣ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰውዬው ጣቢያው በር ላይ ተኩስ ከፍቶ ተገደለ፣ ልጆቹ መኪናው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ከተማውን ከሰሰች፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005፣ በ7 ለ2 ድምፅ ፈረደባት። ኦርደሩን ፖሊስ እንዲያስፈጽምልሽ ሕገ መንግሥታዊ መብት የለሽም ነው ነገሩ። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ ሰብልዬ፣ «ይያዘው» የሚል ወረቀት ይዛ እኮ ነው!

የዋሽንግተን ዲሲው ፍርድ ቤትም በ1981 ፖሊስ ግዴታው ለሕዝቡ በጠቅላላ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው አይደለም ብሏል። ራሳቸው አስረው የያዙትን ሰው ግን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። እንደ ስቴቱም ይለያያል፣ ኦሪገን በ1983 ኦርደር ሲጣስ ዝም ያለ ፖሊስ ሊከሰስ ይችላል ብሏል፣ ስለዚህ የናንተን ስቴት ጠበቃ ጠይቂ። ክሱ ግን የሚመጣው ከሆነ በኋላ ነው፣ እኔ የምፈልገው አንቺን በሕይወት ነው።

ኦርደሩን ተይው አላልኩም፣ አደራ ከቦርሳሽ እንዳይለይ፣ ከመጣም ወዲያው 911 ደውይ። ችሎት ቀርቦ እንዲህ ያለ ኦርደር የተሰጠበት ሰው መሣሪያ መያዝ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 አጽንቶታል፣ ስለ ሰውዬሽ ሽጉጥ ለዳኛው ተናገሪ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እሱን ከድሮም እፈራው ነበር፣ ደስታሽን እንዳላደፈርስ ብዬ ነው ያልተነፈስኩት። እኔ ጋ ክፍል አለ፣ ልጁን ይዘሽ ነይ፣ እሱ አዲሱን ቤቴን አያውቀውም። የበሩን ቁልፍ ቀየርሽ? ሽጉጡስ አሁንም እሱ ጋ ነው? ሌላውን ተይውና እነዚህን ሁለቱን ዛሬውኑ መልሺልኝ።