ማሙሽዬ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የበርሊን ብርድ ዘንድሮም ጨክኗል፣ ሥራው ግን ጥሩ ነው።

ዕቃው መንገድ ላይ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልህ ትመጣለች። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው፣ ከእጇ እንዳትለየው አደራ ብያታለሁ። ግንፍሌ ድረስ አምጥታ እጅህ ላይ ታስረክብሃለች።

ባለ 40 ሴል ብሬል ዲስፕሌይ ነው፣ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣት ወደሚነበብ ነጥብ የሚቀይር። መሥሪያ ቤቴ አዲስ ሲገዛልኝ ይኼኛውን ለኔ ተወልኝ። አሮጌ ነው ብለህ እንዳትሰጋ፣ አንድም ነጥብ አልሞተበትም። በየሴሉ 8 ነጥብ አለ፣ በጠቅላላው 320 ጥቃቅን ፒን ማለት ነው። ከእያንዳንዷ ፒን ሥር ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚታጠፍ ስስ ነገር አለ፣ ወደ ላይ የሚገፋት እሱ ነው። ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ እባክህ፣ እጅህን ሳትታጠብ አትንካው። በሰፈራችን የመንገድ ሥራ አቧራው ብዙ ነው ብለሃል፣ ስትጨርስ ጨርቅ አልብሰው።

አሁን ወደ ላፕቶፕህ ልምጣ። አርጅቶ ዊንዶውስ መሸከም አቅቶታል አልከኝ። አትጣለው። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ እንጭንበታለን። ነፃ ነው፣ ፈቃድ አይገዛም፣ ክራክ አይፈለግም። ከሊኑክስ ዓይነቶች እኔ የምመርጥልህ ዴቢያን የሚባለውን ነው፣ ምክንያቱም ማንንም ዓይናማ ሳትለምን ራስህ መጫን ትችላለህ። ዴቢያን ያለበትን ፍላሽ ሰክተህ ኮምፒውተሩን ስታስነሳ ምርጫው ሲቀርብ ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰጥሃል። የብሬል ዲስፕሌዩ በዩኤስቢ ከተሰካ መጫኛው ራሱ ያገኘዋል፣ ጥያቄዎቹም በጣትህ ሥር ይመጣሉ። በድምፅ ከፈለግክ ደግሞ ጢጥ ካለ በኋላ የላቲኗን «ኤስ» ተጭነህ ኢንተር በል። እስቲ አስበው፣ ኮምፒውተር ለማስጫን ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ ስንዞር፣ «አንቺ እኮ አታዪም፣ ምን ያደርግልሻል?» ሲሉኝ ትዝ ይልሃል? ያ ጊዜ እንዳይደገምብህ ነው የምለፋው።

ብሬሉን በጣትህ ሥር የሚያመጣው ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ አለ፣ ከሚሠሩት ሰዎች መካከልም ዓይነ ስውራን አሉበት። ከበስተጀርባ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ነጥብ ይቀይራል። ደስ የሚለኝ ቀድሞ መነሳቱ ነው። ግራፊኩ ቢበላሽ፣ ድምፁ ቢጠፋ እንኳ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን በጣትህ ሥር ይኖራል። ብልሽቱን አንብበህ ራስህ ትጠግናለህ።

አንድ ቦታ ላይ ግን መጨናነቅህ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድሜ ልንገርህ። ዴስክቶፑ ሲከፈት ዲስፕሌዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ስክሪን ኖት ኢን ቴክስት ሞድ» የሚል ይወጣል። ዕቃው ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ስክሪኑ አሁን ግራፊክ ነው፣ እኔ የማነበው ጽሑፍ የለም ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው የኦርካ ነው፣ ኦርካ ስክሪን ሪደሩ ነው፣ ግራፊክ ስክሪኑን በድምፅና በብሬል የሚያነብልህ። አልት እና ኤፍ2 ተጫን፣ በላቲን ኦርካ ብለህ ጻፍ፣ ኢንተር። ድምፁ መጥቶ ነጥቡ ካልመጣ፣ መጀመሪያ የኦርካ ማስተካከያ ውስጥ «ብሬል» የሚለው ምርጫ መብራቱን እይ። በርቶም ካልመጣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ነው። ኦርካ ከቢአርኤልቲቲዋይ ጋር የሚነጋገርበት የሚስጥር ፋይል አለ፣ ፋይሉን የሚያነቡት ደግሞ «ቢአርኤል ኤፒአይ» የተባለ ግሩፕ አባላት ናቸው። ራስህን እዚያ ግሩፕ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ አካውንትህ ውጣና እንደገና ግባ። ሰዎች እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጠው ዕቃውን ሳጥን ውስጥ ሲመልሱት አውቃለሁ፣ የቀራቸው ይህቺ ብቻ ሆና።

አማርኛውስ? መቼም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንን ነው። ታውቀዋለህ፣ በብሬል ፊደላችን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ነው የሚጻፈው። «ላ» ሁለት ሴል ትይዛለች፣ ነጥብ 1-2-3 እና ነጥብ 1። ኮምፒውተሩ ግን ካልነገርከው አንዱን ፊደል በአንድ ሴል ሊያስገባ ይሞክራል። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ የብሬል ፊደላችን በሚጠቀምባቸው 6 ነጥቦች የሚወጣው ግን ባዶውን ጨምሮ 64 ብቻ ነው። ስለዚህ ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣልሃል። መፍትሔው ሊብሉዊ ነው። በሉዊ ብሬል ስም የተሰየመ፣ ጽሑፍን ወደ ብሬል የሚተረጉም የፕሮግራም ክፍል ነው፣ የግዕዝ ፊደል ሰንጠረዥም አለው። ኦርካ ውስጥ አጽሕሮተ ብሬል (ቃላትን የሚያሳጥረው ብሬል) የሚለውን አብራ፣ ከሰንጠረዦቹ መሀል በ«ኢትዮ» የሚጀምረውን ምረጥ። አማርኛችን አጽሕሮት ስለሌለው ማብራቱ ግራ ያጋባል፣ ግን አብራው። ካልበራ ሰንጠረዡ አይሠራም። ለጥቁሩ ስክሪን ደግሞ ቢአርኤልቲቲዋይ የራሱ የአማርኛ ሰንጠረዥ አለው።

ሌላው ስለ አምስት ኪሎ ጓደኛህ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ይሞካክራል ብለኸኛል፣ ያንተንም ላፕቶፕ ይዋሳል። አንድ ቀን የኤሌክትሮኒክስ መሞከሪያ ቦርዱን ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ላይታይለት ይችላል። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው መልስ «ቢአርኤልቲቲዋይን አጥፋው» የሚል ነው። ምክንያቱ አለው። አንዳንድ ብሬል ዲስፕሌዮች ከእነዚያ ቦርዶች ጋር አንድ ዓይነት የዩኤስቢ ቺፕ ይጠቀማሉ፣ ፕሮግራሙም የቱ የቱ እንደሆነ ስለማያውቅ ዲስፕሌይ መስሎት ይይዘዋል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ብዙ ሰው በዚህ ተማሯል። ግን ለዓይናማው አንድ አላስፈላጊ ፕሮግራም የሆነው ላንተ ዓይንህ ነው! ቀድመህ አስረዳው፣ ፕሮግራሙ የዩኤስቢ ዕቃዎችን ከሚለይበት የደንብ ፋይል ላይ ያቺን የቺፕ መስመር ብቻ ማጥፋት ይበቃዋል። ሙሉውን እንዳይነቅልብህ።

ድምፅ እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደምትል አውቃለሁ። ድምፁን አትተወው፣ ልብወለድ ስትሰማ ይጠቅምሃል። አንተ ግን የሕግ ተማሪ ነህ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 በጆሮህ ስትሰማ ድምፁ ይሮጣል፣ ነጠላ ሰረዙ የት እንዳለ አይነግርህም። በጣትህ ስታነብ ግን ቃሉ ላይ ትቆማለህ፣ ትመለሳለህ፣ ታነጻጽራለህ። ነጥብ 7 እና 8 ጠቋሚው የት እንዳለ ያሳዩሃል፣ ከሴሉ በላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫን ጠቋሚው እዚያው ይመጣልሃል። ስድስት ኪሎ አንባቢ እስኪገኝ ደጅ መጥናቱ የሚቀልልህ እንዲህ ነው። በስካን የሚመጡትን የነጋሪት ጋዜጣ ገጾች ቴሴራክት በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ቀይራቸው፣ አማርኛ ያነባል። ይሳሳታል፣ ቁጥሮቹን በተለይ ደግመህ አረጋግጥ።

ዕቃው እንደደረሰህ ደውልልኝ፣ ቅዳሜ ማታ ቢሆን ይመቸኛል። ከፊቴ ተመሳሳይ ላፕቶፕ አስቀምጬ አብረን እንጭነዋለን። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪውን ሙላው፣ ዴቢያኑንም ቀድመህ ዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ላይ አውርደው፣ ዳታህን እንዳይጨርስብህ።

እማዬን ሳምልኝ። ለጉልበቷ የላክሁትን ቅባት ማታ ማታ ትቀባ በላት።

እህትህ