የዳንስና ቴአትር ክበብ ዘንድሮ፦ በር ላይ የለጠፍኳት ወረቀት

ዘንድሮ ክበባችን ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛው ክፍል በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል እንለማመዳለን። የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ግን መድረካችን ጠባብ ስለሆነ ከ9 ልጅ በላይ አይችልም ብዬ ወሰንኩ። ኖቬምበር ላይ ፈተንኳቸው፣ ያለፉትን ስም ጽፌ በር ላይ ለጠፍኩ፣ ከዚያ ቡናዬን ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ በሩ ጋ ማንም የለም። በሰላም አለፈ ብዬ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ማርች ላይ «ኤ ኮረስ ላይን» የሚባለው የድሮ ሙዚቃዊ ቴአትር እንደገና ተዘጋጅቶ ከከተማ ከተማ እየዞረ እኛ ጋ ደረሰ። ወላጆች ፈርመው ፈቀዱልኝና ተመረጡ አልተመረጡ ሳልል ሁሉንም ይዤ ሄድኩ። (አንዳንዱ ዘፈን ለልጅ ጆሮ ከበድ እንደሚል አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። አንዱ ላይ እኔ ራሴ ጣራ ጣራውን ሳይ ነበር።) ቲኬታችን ርካሹ ነው፣ የመጨረሻው ፎቅ። ሲገቡ አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን ከላይ መቀመጥ ለዳንስ እንደሚሻል ገባቸው፣ ምክንያቱም ወለሉ ላይ የተሰመረችው ነጭ መስመርና የእግሮቹ አሰላለፍ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ከዚያ ነው።

ላላያችሁት፦ 17 ዳንሰኞች ለ8 ቦታ ይፈተናሉ፣ 4 ሴት 4 ወንድ። ቦታው ደግሞ የኮከብ ቦታ አይደለም። ከኮከቡ ጀርባ ሆኖ እኩል እግር ማንሳት ነው። መድረኩ ባዶ ነው፣ መስመሯና ከኋላ መስታወት ብቻ። መጋረጃ ተገልጦ ታሪክ እስኪጀመር አትጠብቁም፤ መብራቱ ሲበራ ሰዎቹ ቀድሞውኑ በላብ ተጠምቀው አዲስ ስቴፕ እያጠኑ ነው። ፈታኙ ዛክ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ድምፁ ብቻ ከጨለማው ውስጥ ይመጣል፣ እና ልጆቼ አንገታቸውን አዙረው ይፈልጉት ነበር። ዛክ ዳንሱን ካየ በኋላ ስለራሳችሁ አውሩልኝ ይላቸዋል። ሲደንሱ እንደ አንበሳ የነበሩት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፋቸው።

ይህ ከአየር የመጣ አይደለም። አውቶቡስ ውስጥ ነግሬያቸው ነበር፣ ግማሾቹ ስልክ ላይ ነበሩ እንጂ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1974 ላይ የቴአትሩ አዘጋጅ ማይክል ቤኔት ኒውዮርክ ውስጥ ዳንሰኞችን በሌሊት ሰብስቦ፣ መጀመሪያ አስደንሶ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው እስኪነጋ የሕይወታቸውን ታሪክ ሲያወሩ በቴፕ ቀዳ። ጽሑፉ ከዚያ ተወለደ፣ ካወሩት አንዳንዶቹም መድረኩ ላይ ወጡ። በ1975 ከትንሽ ቴአትር ቤት ተነሥቶ የኒውዮርክ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ያሉበት ብሮድዌይ ገባ፣ በ1976 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፣ እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ። ይህን ሁሉ ስዘረዝር ማንም ቀና አላለም። ቀና ያሉት ዳንሰኞቹ ታሪካቸውን እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡ ስል ነው። «አንድ ዶላር?» ብሎ የጮኸው ልጅ፣ በኋላ ከገቢው ድርሻ እንደተሰጣቸው ብነግረውም እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀኝም።

አሁን ወደ ወረቀቷ ልመለስ። መጨረሻው አካባቢ ዛክ ስም እየጠራ ወደ ፊት ውጡ ይላል። የተጠሩት ፊታቸው በራ። አንዷን በስህተት ጠርቶ ወደ መስመርሽ ተመለሺ ሲላት ፊቷ ጭልም አለ። የኛ ልጆች ለወጡት አጨበጨቡ። ከዚያ ዛክ ፊት ለቆሙት አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ አለ። የተመረጡት ለካ ኋላ የቀሩት ናቸው። ጭብጨባው እጃቸው ላይ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ ኖቬምበር ላይ ካላለፉት 12 አንዷ ናት፣ መድረኩን ትታ እኔን አየችኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቲቸር፣ እሱ እንኳን እዚያው ቆሞ ነው የነገራቸው። አንቺ የት ነበርሽ?» (እዚህ ውጭ አገር የተወለዱ ናቸው፣ አንቱታው ገና አልገባም።) ቡና ልጠጣ ሄጄ ነበር ማለት አፈርኩ። ግን አልኩት። ሳቀችብኝ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልምምድ አልነበረም። እኔን ሳይጨምር 21ዱም ክብ ሠርተው ተቀመጡና፣ ስልክ መሀል አስቀምጠን ድምፃቸውን እየቀዳን፣ መቼ መደነስ እንደጀመሩ አንድ በአንድ አወሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ሲል የኖረው ልጅ ሰርግ ላይ አክስቱ ጎትታ እስክስታ እንዳስገባችው፣ ትከሻው እምቢ ሲለው ሰው ሁሉ ስለሳቀበት ቤት ገብቶ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ለፊት በር ቆልፎ እንደተለማመደ ነገረን። እኔ ሰነፍ ነው ብዬ የጻፍኩት ልጅ ነው! የመዝጊያውን ዝግጅት ከዚያ ቅጂ ሠራነው። 9 የነበረው 21 ሆነ። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር መስመር አስምረን በሦስት ዙር እየተፈራረቁ ወጡ፣ ድምፃቸው ከስፒከር፣ እግራቸው ከመድረክ። ተገጫጭተዋል፣ አንድ ጫማም ወደ ተመልካች በሯል።

ያልተስማማንበት ነገር የቴአትሩ መጨረሻ ነው። ሁሉም፣ የተባረሩት ጭምር፣ አንድ ዓይነት ወርቃማ ልብስ ለብሰው ይመለሳሉ። ያን ሁሉ ታሪካቸውን የሰማንላቸው ሰዎች ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅታል፣ እግር እያነሡ ሳለም መብራቱ ይደበዝዛል። ትልልቆቹ ያሳዝናል አሉ። ትንንሾቹ ልብሱ ያምራል፣ ደግሞ ሁሉም ገቡ አይደል ወይ አሉ። እኔ ከትልልቆቹ ጋ ነኝ፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን 14 ለ7 ተሸነፍን።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሴፕቴምበር ላይ ነው። ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ማሰሪያው ጠበቅ ያለ ጫማ ይዛችሁ ኑ። ምርጫ ካለ ፊት ለፊት እነግራችኋለሁ፣ ቡናዬን ከዚያ በኋላ እጠጣለሁ።