ላኪ እንጂ አቅራቢ አይደለሁም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ እስያ ገበያና ስለ አነስተኛ ድርጅቶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በስልኬ፣ ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ለሠራተኞቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሻንጋይ አለ፣ ቶኪዮ አለ፣ ሴኡል አለ። ያነጋገራችኋቸው ድርጅቶች ግን በሙሉ የአዲስ አበባ ናቸው። ጅማ የተነሳችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም «ጥሬ ዕቃ አቅራቢ» ተብላ። ቡና ለቃሚ ከሆኑት ልጆች አንዷ ቀና ብላ «እትዬ፣ እኛ ነን ጥሬ ዕቃ አቅራቢ የተባልነው?» አለችኝ። የምመልስላት ጠፋኝ። ሌሊቱን ሲከነክነኝ አድሮ ይህን ጻፍኩ።

አቅራቢ የሚለው ቃል በቡና ሥራ ውስጥ እንደዋዛ የሚጣል ቃል አይደለም። ሰብሳቢ አለ፣ አቅራቢ አለ፣ ላኪ አለ። ፈቃዳቸው ይለያያል። አቅራቢ ቡናውን እዚሁ አገር ውስጥ ይሸጣል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። ላኪ ከውጭ ገዢ ጋር ይዋዋላል፣ ቡናውን በደረጃው ያዘጋጃል፣ የውጭ ምንዛሪውን ያመጣል፣ ነገር ቢበላሽ ኪሳራው የእሱ ነው። እኔ ላኪ ነኝ። ፈቃዱን ለማግኘት ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 አርሶ አደሩ ራሱ ቡናውን እንዲልክ እንኳ በር ከፍቷል። አዋጁ የሰጠንን ስም እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነጠቃችሁን።

ጥሬ ዕቃ ማለቱስ? ሴኡል ወይም ቶኪዮ ምርጥ ቡና የሚሸጥ ቤት ግቡና የኢትዮጵያን ቡና ማሸጊያ አንብቡ። 74110፣ 74112 የሚሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የዝርያ ስም ናቸው። ያወጣቸው እዚህ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። 74 የሚለው እ.ኤ.አ. በ1974 መመረጣቸውን ያሳያል። ያኔ የቡና ፍሬ በሽታ ማሳውን እየፈጀ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ጫካ ለጫካ ዞረው በሽታውን የሚቋቋም ዘር ለዩ። ዛሬ ይርጋጨፌ ተብሎ የሚሸጠው ቡና ሳይቀር እነዚህን ቁጥሮች ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ ዕውቀት ነው፤ የወጣውም ከጅማ ነው።

አሁን ዘገባችሁ «ዕድል» ወዳለው ልምጣ። ቻይና ከኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደኛ ካሉ ታዳጊ አገሮች የሚገባውን ምርት ሁሉ ከቀረጥ ነፃ ማድረጓን ጽፋችኋል። ትክክል ነው። ቆልቶ ለመላክ ለሚያስብ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን እኔን ያሰናከለኝ ቀረጥ ሆኖ አያውቅም። ያሰናከለኝ ኮንቴይነር ነው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል። 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ሴኡል ያገኘኋት ገዢ ትንሽ የቡና መቁያ ያላት ሴት ናት። የፈለገችው 15 ጆንያ ነበር። የቀረውን 305 ጆንያ ማን ይሙላው? በአውሮፕላን ልላክ ቢባል የጭነቱ ሒሳብ ትርፉን ጠራርጎ ይበላዋል። ያለው መንገድ ከሌላ ላኪ ጋር ተዳብሎ መጫን ነው። እሱን አገኘሁ። ሰውየው ቀን ቆረጠልኝ። የሚፈረም አንድ ወረቀት ብቻ ቀረኝ።

ለዚያች ወረቀት ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሄድኩ። ስሙን በማልጠራው ቢሮ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ነገ ተመለሺ። በማግስቱም ነገ ተመለሺ። በሦስተኛው ቀን ፈረሙልኝ። ኮንቴይነሩ ግን ወጥቶ ነበር። ገዢዬ ጥቂት ሳምንት ጠብቃ ከሌላ አገር ገዛች። አልፈርድባትም፤ እሷም ደንበኛ አላት። 15ቱን ጆንያ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት በቅናሽ ሸጥኩት። እኔ በእጄ ያስለቀምኩት ቡና በእሱ ስም ባሕር ተሻገረ። የአዲስ አበባ ድርጅቶችን ስኬት ስትዘግቡ ቡናው በማን እጅ ተዘጋጅቶ እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። ጃፓናዊ ገዢ ከጣዕሙ በፊት የሚጠይቀኝ ስለ ጆንያው ነው። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጥርጣሬው ያረፈው ጆንያው ላይ ነበር። በጅማ ዙሪያ ያሉት የጌራና የጎማ ወረዳዎች ገበሬ ጥላ ሥር ባበቀለው ቡና ላይ መድኃኒት አልረጨም፤ ገበያው ግን ክፉኛ ተመታ። እኔ ዛሬም ጆንያ ስገዛ አሽትቼ፣ ገልብጬ አይቼ፣ ቀድሞ ምን እንደተጫነበት ጠይቄ ነው። እስያ ልላክ ብሎ ለተነሳ ጀማሪ ይህን ብትነግሩት ምን ያህል በጠቀመው!

የምጠይቀው ማስተካከያ እንድታወጡ ነው። ጅማ ውስጥ ላኪዎች እንዳሉ፣ አነስተኞችም እንዳሉበት ይጻፍ። ጋዜጠኛችሁም ይምጣ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው የሚደርስበት ጊዜ ነው፤ ከሄርማታ ገበያ እስከ አጋሮ መንገዱ ሁሉ ቡና ቡና ይሸታል። መጋዘኔ ክፍት ነው። ያቺ ልጅ ለቀማው ላይ ትገኛለች። ጥያቄዋን እሱ ይመልስላት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአነስተኛ ቡና ላኪ ድርጅት ባለቤት
ጅማ